ጀርመንና አሜሪካ በአንድ ጓሮ

ጋሽ አንዳርጋቸው አምባሳደር ሆነው አያውቁም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ራሳቸውም ስለሚናገሩት ነው። "አማካሪ ነበርኩ፤ ሚኒስትር አማካሪ" ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ። የሐይቅ ከተማ ሰው ግን አማካሪ የሚባል ማዕረግ አያውቅም፤ ሚኒስትር የሚለውን ሲሰማ ደግሞ ጭራሽ ይብስበታል። ስለዚህ "አይ ትሕትና!" ብሎ አምባሳደርነታቸውን አጽድቆላቸው ቀረ። የባጃጁ ልጅ "አምባሳደር፣ ላድርስዎት?" ይላል። ዓሣ ሻጯ "ለአምባሳደር ትልቅ ትልቁን" ትላለች። እሳቸውም አሁን አሁን መከራከሩን ትተውታል። ጋሼ የምላቸው እኔ ሒክማ ብቻ ነኝ፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ። መጽሐፋቸውን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ የሰው መጽሐፍ ከተየቡ በኋላ ሰውየውን መፍራት የሚባል ነገር ይቀራል።

የተወለዱት አምባሰል፣ ውጫሌ ነው። ጎበዝ ተማሪ ስለነበሩ በደርግ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ለትምህርት ተላኩ። እዚያ ሁለት ነገር ተማሩ፤ አንደኛው ጀርመንኛ፣ ሁለተኛው አሜሪካ ጠላት መሆኗን። ጀርመንኛው እስከ ዛሬ አለ። ተመልሰው ውጭ ጉዳይ ከተቀጠሩ ጥቂት ቆይቶ ግን ያስተማረቻቸው አገር ከነመንግሥቷ ከካርታ ላይ ጠፋች። "ዲግሪዬን የሰጠኝ አገር ሞቶብኛል" ይላሉ፤ ሲቀልዱ ፊታቸው ስለማይስቅ ሰው ለቅሶ ሊደርሳቸው ይቃጣዋል። ቀጥሎ የተመደቡት ዋሽንግተን ነው፤ ጠላት የተባለችው ዘንድ። ከዚያ ወደ ጀርመን፣ እንደገና ወደ አሜሪካ፣ እንደገና ወደ ጀርመን፤ ዕድሜያቸው በሁለቱ መካከል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ሲመላለስ አለቀ።

በዚህ መመላለስ ውስጥ አንድ ጥያቄ ያዛቸው። ከተማ በቦምብ ያነደደና ከተማው የነደደበት፣ ሁለቱ እንዴት በአንድ ትውልድ ውስጥ አንድ ገበታ ቀረቡ? ይህቺን ጥያቄ ሲያላምጧት ጡረታ ወጡ፤ እኔ የተየብኩላቸው መጽሐፍም ስለዚህችው ነው። ስለ ቡና ገበያ ሪፖርት ጻፉ ሲባሉ ስለ ጀርመንና አሜሪካ ግንኙነት ይጽፉና ቡናዋን መጨረሻ ላይ በአንድ አንቀጽ ይነኳት ነበር አሉ። እድገት የዘገየባቸውም በዚህ ነው ይላሉ ክፉ ሰዎች። ከክፉ ሰዎቹ አንዷ እኔ ነኝ።

ሚስታቸው ቀድማቸው አርፋለች፣ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ጡረታ ሲወጡ ወደ ታላቅ እህታቸው ወደ እትዬ ፋሲካ መጡ፤ እሷ ሐይቅ ተድራ፣ ወልዳ፣ ባሏን ቀብራ እዚሁ የኖረች ናት። ከተማው በደስታ ተቀበላቸው። በመጡ በሳምንቱ ሰርግ ነበርና ድንኳኑ መሐል አስቁመው "ይመርቁልን" አሏቸው።

እንግዲህ ወሎ ነው። እዚህ ሰው የሚመዘነው በምርቃቱ ነው፤ ሽማግሌ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ ቃሉ እንደ ዝናብ መውረድ አለበት። ጋሼ ከረባታቸውን አስተካክለው ቆሙ። "እግዚአብሔር ሁኔታዎች በፈቀዱ መጠን ትዳራችሁን ያጽናላችሁ" አሉ። ድንኳኑ አሚን ለማለት የከፈተውን አፍ እንደከፈተ ቀረ። "ልጆችንም እንደ አስፈላጊነቱ ይስጣችሁ። በመካከላችሁም ገንቢ ውይይት ይስፈን።" የሙሽራው እናት "እንደ አስፈላጊነቱ?" ብላ ጮኸች። ደግነቱ አባባ አብደላ፣ የሰፈሩ ሁሉ መራቂ፣ ብድግ ብለው "ውለዱ! ክበዱ! ቤታችሁ ይሙላ፣ ደጃችሁ ይስፋ!" አሉና ድንኳኑ በአሚን ተናወጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼን ለሽምግልና የጠራቸው የለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሰው ከቤታቸው ደጃፍ አልፎ አባባ አብደላ ዘንድ ይሄዳል። ይህ ጋሼን ያማቸው ነበር። ስተይብላቸው አንድ ቀን "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጠናሁት ጠላት እንዴት እንደሚታረቅ ነው፤ የሚጠይቀኝ ጠፋ" ብለውኛል።

አሁን ወደ ጓሮው ልግባ። የእትዬ ፋሲካ ልጅ ሳምሪ አሜሪካ ናት። አጥር የምትጋራት የእትዬ ሳጂዳ ልጅ ሙዓዝ ደግሞ ጀርመን ነው፣ ፍራንክፈርት። ስለዚህ ሰፈሩ አንዱን ግቢ አሜሪካ፣ አንዱን ግቢ ጀርመን ይለዋል፤ "ጀርመን ግቢ ውኃ መጥቷል፣ አሜሪካ ግን የለም" ሲባል የሚደነቅ የለም። በመካከላቸው ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ አንዲት ትንሽ በር ነበረች። በዚያች በር ስንት ዘመን ድስት ወጥቷል፣ ድስት ገብቷል። በትንሣኤ ለሙስሊም እንግዶች የሚቀርበው በግ ሳጂዳ ቤት ይታረዳል፤ በዒድ ደግሞ የክርስቲያኑን እንግዳ የምታስተናግደው ፋሲካ ናት። እኔን ሁለቱም አሳድገውኛል፤ የሁለቱንም ኩርኩም አውቀዋለሁ፣ ሁለቱንም አንቺ እላቸዋለሁ።

ይህች በር የተዘጋችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የሙዓዝ ትዳር ፍራንክፈርት ላይ ፈርሶ ነበር፤ ሁላችንም እስክስታ የወረድንበት ትዳር። በዚያው ሰሞን ለሌላ ሰርግ ተሰብስበን ሽንኩርት ስንልጥ አንዷ የሳጂዳን ቢላዋ አንሥታ "የጀርመን ዕቃ እኮ አይሰበርም" አለች። ፋሲካ ቀና ሳትል "ዕቃውስ የጀርመን ነው፤ ትዳሩ ግን የቻይና ሆኖ ተገኘ" አለች።

ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳጂዳ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አነሣችና ወጣች። በማግሥቱ ትንሿ በር ከዚያ ወገን በሚስማር ተቸነከረች። የሰፈሩ ጎረምሶች "የበርሊን ግንብ" አሏት። ጋሼ በዚህ ስም ተናደው "የበርሊን ግንብ በጀርመንና በአሜሪካ መካከል አልነበረም! ጀርመንን ከጀርመን ነው የለየው!" እያሉ አንድ በአንድ ለማስረዳት ሞክረው ነበር። ጎረምሶቹም በጥሞና ሰምተው ስሟን "ግንቡ" ብለው አሳጠሯት።

ዓመት አለፈ። ሁለቱ ሴቶች በመንገድ ሲገናኙ አንዷ ወደ ሱቅ፣ አንዷ ወደ ሰማይ ታያለች። ከዚያ ወሬው መጣ፤ ሙዓዝ የእናቱን ወረቀት ጨርሷል፣ ሳጂዳ ጉልበቷንም ልትታከም፣ እዚያው ከልጇ ጋር ልትኖር በመጪው ቅዳሜ ትሄዳለች። ፋሲካ ይህን ስትሰማ "መንገዱን ጨርቅ ያድርግላት" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። የዚያን ቀን ወጡ ላይ ሦስት ጊዜ ጨው ጨመረችበት። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ከንፈራቸው በጨው እንደተኮማተረ ነበር።

"ሒክማ፣ በዚህ ዕድሜ ተኳርፎ የተለያየ ሰው እንደገና አይገናኝም። ቅዳሜ ሳይታረቁ ከሄደች በቃ ነው። ሁለቱም እስኪሞቱ ይበላቸዋል" አሉኝ።

"አባባ አብደላን ይጥሯቸዋ።"

ዓይናቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቦገቦገ። "ጀርመንና አሜሪካ የአባባ አብደላ መስክ አይደለም" አሉ።

ወዲያውኑ የጋራ መግለጫ ያጽፉኝ ጀመር። "በሁለቱ ወገኖች መካከል የቆየውን ታሪካዊ ወዳጅነት በማስታወስ፣ በቅርቡ በተፈጠረው አለመግባባት ላይ ግልጽነት በተሞላበት መንፈስ ሐሳብ ለሐሳብ ተለዋውጠዋል።"

"ጋሼ፣ መቼ ተለዋወጡ? ዓመት ሙሉ እኮ አልተነጋገሩም።"

"ይለዋወጣሉ። መግለጫው ይቀድማል፣ ስብሰባው ይከተላል። የትም የሚሠራው እንዲህ ነው።"

ሳጂዳ ወረቀቱን አስነብባ ሰማችና "ለምንድን ነው እሷ አንደኛ ወገን፣ እኔ ሁለተኛ ወገን የሆንኩት?" ብላ መለሰችው። ስሙን ገለበጥንና ለፋሲካ ሰጠናት፤ እሷም በዚያው ምክንያት መለሰችው። ጋሼ አልተበሳጩም፤ እንዲያውም ፊታቸው በራ። በሁለት ቅጂ አሠሩኝ፤ የየአንዳንዷ ቅጂ ላይ ባለቤቷ አንደኛ ወገን ናት። ታላላቅ መንግሥታትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው አሉኝ። ፋሲካ የራሷን ቅጂ ምድጃ ማቀጣጠያ አደረገችው። "ምን አጥፍቼ ነው የምፈርመው? ቀልድ ነው የተናገርኩት" አለች። ሳጂዳ የሷን ለማሰሮ ክዳን አዋለችው።

ወረቀቱ ሲከሽፍ ጋሼ በእግር መመላለስ ጀመሩ። በሩ የተዘጋ ስለሆነ ከአሜሪካ ወደ ጀርመን ለመሄድ በዋናው መንገድ ዞሮ በመስጊዱ በኩል መምጣት ነው። ሰው ሁሉ እያየ "አምባሳደር ወዴት?" ሲላቸው "ምክክር ላይ ነኝ" ይላሉ። ምን እንደሚያወሩ አላወቅንም ነበር፤ ብቻ ረቡዕ ላይ እጃቸውን እያፋተጉ ገቡና "በሁለቱም ወገን የአቋም ለውጥ አለ" አሉኝ። ሐሙስ ጠዋት ጥግ ካለችው ወንበራቸው ተቀምጠው የመጽሐፋቸውን የመጨረሻ ምዕራፍ ሲያርሙ ሳጂዳ ፓስፖርቷን ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ መጣች። ፊቷ እንደዚያ ሲፈካ ካየሁት ሰንብቻለሁ። ፓስፖርቱን ማሽኑ ውስጥ ሳልከት ፋሲካም ገባች፤ እሷም ፊቷ ፈክቷል። ጋሼ የሚያርሙትን ወረቀት ወደ ዓይናቸው ከፍ አደረጉት።

"ፋሲካ፣" አለች ሳጂዳ እጇን ዘርግታ፣ "አፉ ብየሻለሁ።"

"ምኑን ነው አፉ የምትይኝ? ይቅርታ የላክሽብኝ አንቺ! አፉ የምልሽስ እኔ ነኝ!"

"እኔ? ምን አጥፍቼ?"

"'በሩን በሚስማር የመታሁት በድየ ነው፣ ሳላያት ብሄድ ዓለም ይጨልምብኛል' አላልሽም?"

"ወላሂ ከአፌ አልወጣም! አንቺስ 'ምነው ምላሴን በቆረጠው' እያልሽ ስታለቅሺ አላደርሽም?"

"እኔ? ለጥ ብዬ ነው ተኝቼ ያደርኩት!"

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ጥጉ ዞሩ። "አንዳርጋቸው!" ብለው በአንድ አፍ ጮኹ።

ወረቀቱ ዝቅ አለ። የጋሼ ፊት ዓመድ መስሏል። "መልእክቱን..." አሉ፣ "ቃል በቃል ሳይሆን በመንፈሱ ነው ያደረስኩት።"

"ድሮስ የውጫሌ ልጅ!" አለች ሳጂዳ። "አንዱን ነገር ለዚህ ሌላ፣ ለዚያ ሌላ እያነበቡ ማስማማት እዚያ አይደል የተጀመረው!"

"እኔም የውጫሌ ልጅ ነኝ" አለች ፋሲካ። "ይሄ የአገር አይደለም። ይሄ ውጭ ሄዶ ያመጣው ነው።"

"ኧረ ተይ፣ ድሮም ነበረበትሳ! ከላይፕዚግ የላከው ደብዳቤ ትዝ አይልሽም? በረዶ ላይ ወድቆ እግሩ ሲሰበር 'በስፖርት ውድድር ተጎዳሁ' ብሎ?"

"አባታችን ደግሞ 'ልጄ ለአገሩ ሲወዳደር ተሰበረ' እያሉ ስንቱን አስለቀሱበት!"

"አብረን አይደል ያነበብነው፣ እዚያች በር ላይ ቁጭ ብለን።"

እንዲህ እየተቀባበሉ የሰውየውን ስድሳ ምናምን ዓመት ከላይ እስከ ታች አወረዱት። አንዷ ስትደክም አንዷ ትቀጥላለች፤ የአንዷን ዓረፍተ ነገር ሌላዋ ትጨርሳለች። ሁለቱም ሴቶች ደክሟቸው ሊወጡ ሲሉ ፋሲካ የሱቄ በር ላይ የሳጂዳን ክንድ ያዘች። ድምፅዋ ወረደ።

"ሳጂ፣ ያን ነገር የተናገርኩት ሰው እንዲስቅልኝ ነው። ሳቁልኝ። እየሳቁ ሳለ ፊትሽን አየሁት። ይኸው ዓመት ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም። አንዳርጋቸው ዋሽቶሻል፤ አላለቀስኩም። ማልቀስ ነበረብኝ።"

ሳጂዳ "እኔስ ለምን የወጣሁ ይመስልሻል?" አለች። "እንዳልስቅ ብየ ነው። ነገርሽ ያስቃልሳ፣ ፋሲካ። የገዛ ልጄ ሁኖብኝ ነው እንጂ።" ይህን ብላ ሳቀች፣ ሳቁም መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። ተቃቅፈው እየተሳሳቁ ይሁን እየተላቀሱ ሳይለይ ወጡ። ሳጂዳ ፓስፖርቷን ማሽኑ ላይ ረስታው ሄደች፤ ኋላ አደረስኩላት።

በዚያው ቀን ሚስማሩ ሲነቀል ድምፁ ተሰማ፤ ትንሿ በር ተከፈተች። ከዚያ እስከ ቅዳሜ ሁለቱ ግቢዎች አንድ ግቢ ሆኑ። ሳጂዳ በርበሬ ልውሰድ ትላለች፣ ፋሲካ ሽሮም ጨምሪ ትላለች፣ ሻንጣው አልዘጋ ሲል ሁለቱም ላዩ ላይ ይቀመጡበታል። ጋሼ ግን ከሁለቱም ግቢ ተባረሩ። ፋሲካ "ለውሸታም የሚሆን ምሳ የለኝም" ስላለች እኔ ዘንድ ዳቦ በሻይ እየበሉ ይውላሉ።

"በመጽሐፌ ጽፌዋለሁ" አሉኝ ዳቦውን እያጠቀሱ። "ሁለት የተጣሉ የሚታረቁት ሁለቱም የሚጠሉት ሦስተኛ ሲያገኙ ነው። ጀርመንና አሜሪካን ሩሲያ አስታረቀቻቸው። እዚህ ሩሲያ አልነበረም፤ እኔ ሆንኩላቸው። አስቤበት ነው።"

አላመንኳቸውም። "አንዳርጋቸው!" ሲባሉ ፊታቸውን አይቼዋለሁ፤ አስቦበት ያደረገ ሰው እንደዚያ ዓመድ አይለብስም። ግን ዳቦው ላይ እንዲህ ደስ ብሏቸው ሳይ ምን ብዬ ልከራከራቸው? እንደዚያ ይሁንልዎት አልኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የምታደርሳት መኪና አስፋልቱ ላይ ቆመች። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። አባባ አብደላ እጃቸውን ዘርግተው "በሰላም ግቢ፣ በሰላም ያገናኘን፣ ጉልበትሽን ይመልስልሽ፣ አፈሩም ውኃውም ይስማማሽ" አሉና አሚን ተባለ። ሳጂዳ ሁሉንም ስማ ጋሼ ዘንድ ስትደርስ ጣቷን ቀስራ "አንተን ግን አፉ አላልኩህም" አለቻቸው። ከዚያ ትከሻቸውን ሁለቴ ሳመች። ፋሲካ የመኪናውን በር አልለቅም ብላ ሾፌሩ ለምኗት ነው የለቀቀች። መኪናዋ ወደ ደሴ አቅጣጫ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ታርሞ ያለቀውን ምዕራፍ ልሰጣቸው እቤት ሄድኩ። ፋሲካ ትንሿ በር ላይ፣ መሬቱ ላይ፣ እግሯን ወደ ጀርመን ግቢ ዘርግታ ተቀምጣለች። ከፊቷ ያለው ቤት በቁልፍ ተዘግቷል፤ ዶሮዎቹ እንኳ ለዘመድ ተሰጥተው ግቢው ጭር ብሏል። ጋሼ ከኋላዋ ሱፋቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። ምን እንደሚሉ ሲፈልጉ ቆይተው "ዋናው ነገር በሰላም መሸኘትሽ ነው" አሏት።

"ዝም በል" አለች ሳትዞር። ከዚያ ራሷ ተናገረች።

"ዓመት ሙሉ ተዘጋጅቼ ነበር። 'ትሂድ፣ ምን ቀረብኝ' እላለሁ ብዬ ቃሉን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር። በኩርፊያ ብትሄድ ኖሮ ይኼኔ በሬን ዘግቼ ቡናዬን እጠጣ ነበር። አንተ መጣህና መልሰህ ሰጠኸኝ። ሻንጣ ላይ አብረን ስንቀመጥ ከርመን፣ ከዚያ ይኸው። አሁን ማንን ላኩርፍ?"

"እኔን" አሉ ጋሼ። "እኔን አኩርፊኝ።"

"አንተንማ አኩርፌሃለሁ" አለች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "አልበቃኝ አለ እንጂ።"